በጄ ያልተባለለት ቦይ

ይድረስ ለታላቄ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የትልቋ ጥርስ ተነቀለ ወይስ አሁንም ስታለቅስ ታድራለች? ባለቤትሽስ ወገቡን ተሻለው? ደብዳቤሽና ሹራቡ በጀልባ ደርሰውኛል። ሹራቡ ያምራል፣ እጅጌው ብቻ ረዝሞብኛል፤ እስከ ዛሬ በቁመት እኩል የሆንን ይመስልሻል መሰለኝ። እኛን ከጠየቅሽ እማዬ አለች፣ እኔም አለሁ። «ሁላችን ደህና ነን» ብዬ ልጽፍልሽ ስል ግን አፍንጫዬ እምቢ አለኝ። ይህን የምጽፍልሽ እማዬ ጓዳ ውስጥ ተቀምጬ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ስንጥቁን በአሮጌ ጨርቅ ወትፌ ነው። ጨርቁ የጠቀመኝ ነገር የለም፤ ሽታው በግድግዳው ነው የሚገባው።

በስልክ ለምን አትነግሪኝም ትይ ይሆናል። በዚህ ደሴት ኔትወርክ የሚይዘው የባለቤቴ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆመሽ፣ ፊትሽን ወደ ባሕሩ ስታዞሪ ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ። እዚያ በረንዳ ላይ ቆሜ የማወራው ነገር የለኝም። ለምን እንደሆነ ደብዳቤውን ስትጨርሺ ይገባሻል።

መጀመሪያ አንቺ የጻፍሽልኝን ጉዳይ ልመልስ። «እማዬ በስልክ እሺ ብላኛለች፤ ክፍሉን ቀለም አስቀብቼ አልጋ አስገብቼላታለሁ፤ በሚመጣው ጀልባ አሳፍሪልኝ» ብለሻል። ምን ነካሽ እታለም? ማዶ ስትሻገሪ የእናትሽን አነጋገር ባሕር ውስጥ ጣልሽው እንዴ? የእማዬ እሺ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ትረሺው?

ለሌላው ሰው እሺ እሺ ነው። ለእማዬ ግን «ሰማሁህ፤ አሁን በሰላም ሂድልኝ» ማለት ነው። ሰው ደጇ ድረስ መጥቶ እምቢ ተብሎ ሲመለስ ማየት አትወድም። ስለዚህ አንገቷን ሰበር አድርጋ እሺ ትለዋለች፤ ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ እሷም ሥራዋን ትቀጥላለች፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ከልቧ ስትስማማ የምትለው በጄ ነው። ልጆች ሳለን ባሕር እንውረድ ብለን ስንጠይቃት እሺ ካለች ጫማችንን አውልቀን ቁጭ ነበር፤ በጄ ካለች ፎጣ ይዘን በሩጫ ነበር። ሰው ሁሉ እሺ በጄ ብሎ በአንድ ትንፋሽ የሚላቸውን ሁለት ቃላት ለያይታ የያዘች እናት ያለን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። በስልኩ በጄ ብላሻለች? አላለችሽም። ያን ጊዜ አጠገቧ ባልነበርም አውቀዋለሁ። ስለዚህ ቀለም የቀባሽው ክፍል ለልጆቹ ይሁንልሽ፤ አንድ አልጋ ላይ ተደራርበው ከሚተኙ ይሻላቸዋል።

እንግዲህ ወደ ጉዱ ልምጣ። ባለፈው ስጽፍልሽ መንገዳችን ሊሠራ ነው ብዬ እንደ ሕፃን ቦርቄ ነበር። ቦርቄም ነበር በእውነት። ከጀልባ ማረፊያው እስከ አደባባዩ ያለው ጭቃ ስንት ጫማ እንደበላብን አንቺ ምስክር ነሽ። አሁን መንገዱ በኮንክሪት ተነጥፏል፣ ጎንና ጎኑ ተስተካክሏል፣ በዳሩ ክዳን ያለው የውሃ ቦይ ሄዶበታል። ለዓይን ያምራል፤ አልዋሽም። ባለቤቴ የመንገድ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኖ ሲመረጥ ደረቴን ነፍቼ ነበር የሄድኩት። ገበያ ላይ ሴቶቹ «የሰብሳቢዋ» እያሉ ቦታ ሲለቁልኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያቅለሸልሸኛል።

ቦዩ መጀመሪያ የት ሊሄድ እንደነበረ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከማዶ የመጣው ወጣት ኢንጂነር አደባባዩ ላይ ሰብስቦን በእንጨት መሬት ላይ እየሳለ አሳይቶናል። ይሄን ልጅ ሰፈሩ «ንጹሑ» ይለዋል፤ ቦት ጫማው ላይ ጠብታ ጭቃ ካረፈበት ሥራ አቁሞ ይጠርጋል። ንጹሑ እንዳሳየን ቦዩ መንገዱን ተከትሎ ይወርዳል፣ በሱቃችን ፊት ያልፋል፣ ከጀልባ ማረፊያው ጎን ባሕር ይገባል። ቀጥ ያለ ነገር ነው። ለዚህ ግን ሱቁ ያወጣው አዲሱ በረንዳ መፍረስ ነበረበት፤ ምክንያቱም በረንዳው የተሠራው መንገድ ላይ ነው። ባለቤቴ ያን ቀን አጨብጭቧል። «ልማት ከራስ ይጀምራል» ብሏል፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ቆፋሪዎቹ ከሱቁ በላይ ያለው ጥግ ላይ ሲደርሱ ታጠፉ። ወደ እማዬ ሌይን፣ ማለቴ ወደ እማዬ ጠባብ መንገድ ገቡ (ባለቤቴ ሌይን ነው የሚለው፣ አፉ ተጋብቶብኝ ነው)። ምን ሆናችሁ ብላቸው ታዘን ነው አሉኝ። ባለቤቴን ስጠይቀው «ቴክኒካዊ ማሻሻያ ነው፤ በእናትሽ ጓሮ በኩል አልፎ ከድንጋዩ ኋላ ባሕር ይገባል፤ እንደውም ያሳጥረዋል» አለኝ። አመንኩት። ቴክኒካዊ የሚባል ነገር ሲመጣ ሰው አፉን ይዘጋል፤ እኔም ዘጋሁ።

ባሕር ግን አልገባም። ከእማዬ ጓሮ ኋላ ያለው ድንጋይ ጠንካራ ነው ተባለ። የቀረው በምዕራፍ ሁለት ይሠራል ተባለ። እስቲ ንገሪኝ፣ እዚህ ደሴት ላይ ምዕራፍ ሁለት ደርሶ ያየሽው ነገር አለ? ቦዩ የእማዬ ማዕድ ቤት ኋላ ሲደርስ ቆመ፤ አፉን ከፍቶ እዚያው ቀረ። አፉ የሚተፋው የእማዬ አትክልት ላይ ነው።

አሁን የምነግርሽን ምግብ እየበላሽ አታንብቢ። ከላይ ያለው ሰፈር ሙሉ በሙሉ እኛ ጓሮ ነው የሚወርደው። የዓሣ ማጽጃው ዳስ አንጀትና ቅርፊት፣ የእንግዳ ማረፊያው የሳህን እጣቢ፣ የልብስ ማጠቢያው አረፋ፣ የጸጉር አስተካካዩ የተላጨ ጢም። ይህ የሚታየው ነው። ከክዳኑ ሥር ደግሞ ማታ ማታ መጸዳጃቸውን በድብቅ ያገናኙ ጨዋዎች አሉ፤ ቀን ቀን መንገድ ላይ እንዴት ዋልሽ ብለው የሚሰግዱልሽ። ማን ምን በልቶ እንዳደረ እኛ ቀድመን እናውቃለን። ውሃው የሚሄድበት ስለሌለው ይተኛል። ላዩ ላይ አረንጓዴ ቆዳ ያወጣል፤ ፀሐይ ሲወጣ ያ ቆዳ ያብጥና ቡፍ ይላል፤ ከውስጡ የሚወጣው ሽታ ዓይን ያስለቅሳል። ትሉ ነጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ የማዕድ ቤቱን ደፍ ይሻገራል። አንድ ቀን እማዬ የውሃ ማሰሮ ክዳን ስታነሳ ሥሩ ትል ተለጥፎ አየሁ። ወጥቼ አስመለስኩ፤ ያስመለስኩትም ተመልሶ እዚያው ኩሬ ገባ።

የሎሚው ዛፍ ደርቋል። ሽንኩርቱ በቁሙ በስብሷል። እማዬ ማታ ማታ ትስላለች፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ይህን አየር ትታ ሌላ ቦታ ትደር አለችኝ። ከሁሉ የከፋው ግን ግድግዳው ነው። አባታችን በጀልባ ድንጋይ እያመላለሰ መሠረቱን ያወጣው፣ ከላይ በጭቃ ጡብ የገነባው የመኝታ ቤቱ ግድግዳ እርጥበቱን እየመጠጠ እስከ ጉልበቴ ድረስ ጠቁሯል። ልስኑ በእጅ ሲነኩት ይረግፋል። ግንበኛውን ጠርቼ አሳየሁት፤ በጣቱ መታ መታ አደረገና ዋናው ዝናብ ከመግባቱ በፊት ካልደረቀ ይተኛል አለኝ። ይተኛል ማለቱ ይወድቃል ማለቱ ነው። የእማዬ አልጋ ያለው ከዚያ ግድግዳ ሥር ነው። የአልጋውን እግሮች በጡብ ላይ አቁመናቸዋል።

እማዬን ታውቂያታለሽ፤ አታለቅስም። ጠዋት ተነስታ ኖራ ትበትናለች፣ ትጠርጋለች፣ የማይጠረገውን ትጠርጋለች። «ባሕሩ ራቀኝ ብዬ ሳማርር ሰፈርተኛው አዋጥቶ ጓሮዬ ባሕር ሠራልኝ» አለችኝ። ልስቅ ስል ሳሉ ያዛት። ከዚህ ቤት እንውጣ ብዬ ለመንኳት። ምን ያለችኝ ይመስልሻል? እሺ።

ለኮሚቴው አመለከትኩ፤ ይታያል አሉኝ። ለጸሐፊው ነገርኩ፤ ሰብሳቢው ባልሽ አይደለም ወይ ብሎ ሳቀብኝ። ባለቤቴን ማታ ማታ ስነዘንዘው ትንሽ ታገሺ ይለኝና ጀርባውን ይሰጠኛል። በመጨረሻ ቆሽቴ አርሮ ንጹሑ ዘንድ ሄድኩ። ከጀልባ ማረፊያው አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ቢሮው ውስጥ ወረቀቱን ዘርግቶ ቁጭ ብሏል። እንደ ሰው ልጅ እናት የለህም ወይ አልኩት፤ አሮጊት ሴት ጓሮ ላይ የሰፈር ቆሻሻ መልቀቅ የት ተምረህ ነው አልኩት። ልጁ ደነገጠ። እንዴ፣ ፈቅደው የለ እንዴ አለኝ። ማን ፈቀደ ስለው፣ «እኔ ያለ ግቢው ባለቤት ፈቃድ አልቆፍርም ብዬ ነበር፤ ሰብሳቢው ራሳቸው ሄደው አነጋግረዋቸው ሲመለሱ እሺ በጄ ብለዋል አሉኝ፤ ለምስክር የሚሆኑ የኮሚቴ አባላትም ባሉበት ነው የተናገሩት» አለ።

እሺ በጄ። አስተውይ እታለም። ባለቤቴ እሺ ብላለች ብቻ ብሎ ቢሆን ልጁ በየዋህነት ተሳስቷል፣ እሱም ተሳስቷል ብዬ በተውኩት ነበር። ለመቶ ሰው የማይገባ ነገር ነው፤ ማንም ይሳሳትበታል። በጄን ግን ማን ጨመረው? ልጁ ፊቴን አይቶ ውሃ ላምጣልሽ አለኝ፤ ውሃ አትጥራብኝ ብዬው ወጣሁ።

ይህን ልዩነት ከእኔና ካንቺ ቀጥሎ በዚህች ምድር ላይ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ባለቤቴ ነው። እኔን ለትዳር ሊጠይቅ የመጣ ጊዜ እማዬ እሺ ብላው እየዘለለ የሄደውን ረሳሽው? ለዘመድ አዝማድ አውርቶ፣ ልብስ አሰፍቶ፣ ቀን ሲጠብቅ ምንም የለም። ተመልሶ መጣ፣ እሺ አለችው። እንደገና መጣ፣ እሺ አለችው። በመጨረሻ አንቺ ነሽ አዝነሽለት በጓሮ ጠርተሽ «በጄ እስክትልህ ድረስ ተመላለስ፤ እሺዋን አትቁጠረው» ያልሽው። በጄ ያለችው ዕለት ባሕሩ ዳር ሮጦ ወርዶ «በጄ አለችኝ! በጄ አለችኝ!» እያለ ሲጮህ የጀልባ ሰዎቹ ሰምተው ስም አወጡለት። ስንት ዘመን ሙሉ «በጄ» ብለው ነው የጠሩት! እኔም ሲያኮርፍ በዚያ ስም ጠርቼ አስቀው ነበር። ያንን ቃል ነው ከቤታችን አውጥቶ የሰፈር ሽንት ቤት ላይ የለጠፈው።

ማታ ቤት ስገባ ዓሣ እየበላ ነበር። ቁጭ ብዬ አየሁት። አጥንቱን ይመጥጣል፣ ጣቱን ይልሳል፣ ጢሙ ላይ ዘይት ያብረቀርቃል። ያን ሰው ለስንት ዓመት ሲበላ አይቼዋለሁ፤ ያን ማታ ግን የሚበላው ነገር ሁሉ ከዚያ ኩሬ የወጣ መስሎ ታየኝ። እማዬ በጄ ብላሃለች ወይ አልኩት። እሺ ብላኛለች አለ። እሱን አይደለም የጠየቅኩህ፣ በጄ ብላሃለች ወይ አልኩት። «እሺና በጄ ያው ነው፤ የቃል ጨዋታ አትጫወቺብኝ» አለኝ። ያው ነው! በዚያ ቃል የተጠራ ሰው! ዓይን አውጥቶ ያው ነው አለኝ፤ ከዚያ ሌላ ዓሣ አነሳ።

ቆይቶ ግን ፈራ መሰለኝ ያስረዳኝ ጀመር። በረንዳው ካለ ሱቁ አለ፣ ሱቁ ካለ እኛ አለን፤ ለኔ ብቻ መሰለሽ እንዴ፣ ላንቺም ነው አለ። ቀጥሎ ያለውን አድምጪኝ፦ «ደግሞ እናትሽ አርጅተዋል። እህትሽን አነጋግሬ ማዶ እንድትወስዳቸው አስማምቻለሁ። እሳቸው ከሄዱ ቤቱ ባዶ ነው፤ ባዶ ቤት ኋላ ውሃ ቢተኛ ማንን ይጎዳል?»

ያን ስልክ ማን ደወለልሽ እታለም? እማዬን ይዞ በረንዳው ላይ ያቆማት፣ ቁጥርሽን የመታላት፣ እናትሽን ብትወስጂያት ምን አለበት ብሎ አንቺን ያባበለሽ ማነው? እሱ አይደለም? አንቺ ለናትሽ ክፍል ስታስቀቢ እሱ ለቦዩ ቦታ እያስለቀቀ ነበር። አልፈርድብሽም፤ እኔም ካፖርቱን እየተኮስኩ ሰብሳቢ ያልኩት ነኝ። ግን እወቂው።

ልብሴን በአንሶላ ጠቅልዬ እማዬ ቤት መጣሁ። እማዬ በሩን ከፍታ ጥቅሉን አየች፣ እኔን አየች፣ ፍራሽ አነጠፈችልኝ። ሽታው አንገፍግፎኝ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ ብቆይም እዚያኛው ቤት ከመተኛት ይህ ይሻላል ብዬ ነው ያደርኩት።

ሰውዬው (ባለቤቴ ልለው አልወድም) የመንገዱ ምረቃ በዓል ሲቃረብ መጣ። ምን ይዞ የመጣ ይመስልሻል? የሚረጭ ሽቶ! ቆርቆሮው ላይ አበባ የተሳለበት፣ ሽንት ቤት ውስጥ የሚነፋው ዓይነት። ለእማዬ በሁለት እጁ አቀረበላት፤ ጠዋትና ማታ ቢነፉት ይቀንሳል እማማ አላት። እማዬ እሺ ብላ ተቀበለችው፤ እሱ ሳይወጣ ቦዩ አፍ ላይ አስቀመጠችው። እኔን ደግሞ ከበር ጠርቶ፣ ከማዶ ትልቅ ኃላፊ ይመጣሉ፣ ሚስትህ የት አለች ቢሉኝ ምን እላለሁ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ነይና አጠገቤ ቁሚ አለኝ። እሺ አልኩት። ቀጥ ብዬ ዓይኑን እያየሁ ነው ያልኩት። ፊቱ ሲለዋወጥ ማየት ነበረብሽ። ያው ነው ያለኝ ሰው ልዩነቱ በደንብ ገባው፤ ዞሮ ሄደ።

የምረቃው ዕለት እኔ አልወጣሁም፤ እዚህ ሥራ ነበረኝ። የሆነውን የነገረችኝ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ናት፤ እሷ ደግሞ ስታወራ አንድ ነገር አታስቀርም። ድንኳኑን የተከሉት ሱቁ ፊት፣ በረንዳው ሥር ነው። ሪባን ተወጥሯል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮሃል፣ ኃላፊው ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መጥተዋል። ጠዋት ጠቁሮ የነበረው ሰማይ ልክ ንግግር ሲጀምሩ ተቀደደ። ሰው ሁሉ ድንኳኑ ሥር ተጠጋ። ኃላፊው ዝናቡን እያሳዩ ይኸው አዲሱ ቦያችን የሚፈተንበት ቀን ነው ብለው ቀለዱ፤ ተጨበጨበ።

ጭብጨባው ሳያልቅ ከሱቁ በላይ ያለው ጥግ ላይ የቦዩ ክዳን ተነሳ። አንዱ ተነሳ፣ ቀጥሎ ያለው ተነሳ። ውሃው ወደ እማዬ ጓሮ የሚሄድበትን አጥቶ ወደ ኋላ ተመልሶ ኖሮ፣ ጥጉ ላይ ፈነዳና ቁልቁል መንገዱን ይዞ ወረደ። ከነዓሣ አንጀቱ፣ ከነአረፋው፣ ከነጢሙ፣ ከነጨዋዎቹ ምስጢር። ወንበር ሥር ገባ፣ ድንኳኑን አለፈ፣ በረንዳውን ወጣ፣ ሱቁ ገባ። የስኳሩ ጆንያ፣ የዱቄቱ ጆንያ ራሰ። ኃላፊው ወንበር ላይ ወጥተው ቆሙ፤ አንድ ጫማቸው ግን ቀድሞ ሄዷል። ሰውዬው በእጁ ሪባኑን እንደያዘ፣ የዓሣ ጭንቅላት ቁርጭምጭሚቱን ተደግፎ ቆሞ፣ ትንሽ የቴክኒክ ችግር ነው እያለ ይጮህ ነበር አለችኝ ልብስ ሰፊዋ። ደጋግማ ትነግረኛለች፤ ደጋግሜም አስነግራታለሁ።

ዝናቡ ሲያባራ ክዳኑን እያነሱ ተከትለውት እዚህ ድረስ መጡ። ኃላፊው በአንድ ጫማ፣ ሰውዬው፣ ንጹሑ፣ ከኋላቸው ሰፈሩ በሙሉ። የቦዩ አፍ በድንጋይ ተደፍኗል፤ ድንጋዩም በሲሚንቶ ተይዟል። ሲሚንቶው ሠራተኞቹ እዚሁ ጥለውት የሄዱት ትርፍ ነው ይላሉ። ማን ደፈነው ብለው ጠየቁ። እማዬ ወንበር አወጣችላቸው፤ ቁጭ በሉ ሻይ ላፍላላችሁ አለቻቸው። ማንም ሊቀመጥ አልቻለም፤ አፍንጫቸውን ይዘው ነው የቆሙት። ኃላፊው ኩሬውን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ አልጋው በጡብ ላይ መቆሙን በመስኮት አዩ። ንጹሑ ያን ጊዜ ነው ደፍሮ የተናገረው፤ ቦዩ በመጀመሪያ በሱቁ ፊት ቀጥ ብሎ ባሕር ነበር የሚገባው፣ ሰብሳቢው ናቸው ያዞሩት አለ። የማን ሱቅ ነው ብለው ጠየቁ ኃላፊው። ሁሉም አንድ ሰው ላይ ዓይኑን ጣለ።

አሁን ይህን ስጽፍልሽ በረንዳው እየፈረሰ ነው፤ የመዶሻው ድምፅ እስከዚህ ይሰማኛል። ውሃው በመንገዱ ዳር ቀጥ ብሎ ባሕር ሊገባ ነው። ኩሬው እየጎደለ ነው፤ ግንበኛውም ፀሐዩ እንዲህ ከበረታ ግድግዳው ይተርፋል ብሎኛል። ደስ ያለኝ እንዳይመስልሽ ግን። ሽታው ይወጣል፣ ትሉ ይሞታል፣ ሎሚ እንደገና ይተከላል። እኔን የሚያንገሸግሸኝ ያን ቃል ከእናታችን አፍ ሰርቆ መውሰዱ ነው። ያንን የሚያጥብ ዝናብ አላየሁም። ቢደውልልሽ፣ አስታርቂን ቢልሽ፣ ሰላምታውን ተቀበይና ስለ አየሩ አውሪው፤ ከዚያ በላይ አትዘርጊለት።

ደሴቱ ሁሉ ማን ደፈነው እያለ ነው። አንዱ የዓሣ ሰዎቹን ይጠረጥራል፣ ሌላው ራሱ ንጹሑ ነው ይላል። እኔ ሰምቼ ዝም ነው። ጽሕፈቴ ተንጋዶብሽ ካስቸገረሽ ታገሺኝ፤ ብዕሩን በሁለት ጣት ነው የያዝኩት። እርጥብ ሲሚንቶ እንዲህ ቆዳ እንደሚበላ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እማዬ እጄን አየችው እንጂ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ቫዝሊን አውጥታ፣ አጠገቧ አስቀምጣ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ቀባችኝ። ስትጨርስ እጅሽ ይባረክ አለችኝ። ያን ቀን ምግቡን የሠራችው ራሷ ነበረች።

ልጆቹን በየተራ ሳሚልኝ፤ ለባለቤትሽም ወገቡን ይማርልኝ በይው። ፈጣሪ ቤትሽን ደረቅ፣ እንቅልፍሽን ጣፋጭ ያድርግልሽ። እማዬ በእናት አንጀቷ መርቃሻለች፤ ሳሏም ቀንሷል።

ታናሽሽ፣
ከእማዬ ቤት